ቶነር የመሰለን ቀዳዳ

«ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ቶነሩ እያበላሸ ነው። ልድገምልዎት?»

ጎንደር ፒያሳ፣ አንዲት ጠባብ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ቆሜያለሁ። ጥምቀት ካለፈ ሳምንት ሆኖታል፤ ከተማው ገና ከበዓሉ ድካም አልወጣም። ልጅቷ ወረቀቱን ወደ በሩ ብርሃን አዙራ አሳየችኝ። በፍላሽ ያመጣሁት የፀሐይ ምስል ነው። ዋናው ባለ ቀለም ነው፤ ለቁጠባ ብዬ በጥቁርና ነጭ ስላሳተምኩት ፀሐይዋ ግራጫ ሆናለች። ከሰሜኑ ጫፍ ጀምሮ እስከ መሃሏ ድረስ ደግሞ ጥቁር እድፍ ወርዶባታል። ገመድ ላይ የተሰጣ ካልሲ ይመስላል።

እኔም ቶነር መሰለኝ። ልጅቷ ካርትሬጁን አወጣች፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ነቀነቀችው፤ መልሳ ከተተችው። ሁለተኛው ወረቀት ወጣ። ካልሲው እዚያው ነው። በሦስተኛውም እንደዚያው። «እንግዲህ ፋይሉ ላይ ነው ያለው» አለች፣ ጥፋቱ የማሽኗ አለመሆኑ ደስ ብሏት። ሒሳብ ከፍዬ ወጣሁ።

ከዚያች ወረቀት ተነስተን ሁለት ወር ያህል የተከታተልነውን ጉዳይ ነው የምጽፈው። መጀመሪያው ላይ የኔም ስህተት አለ፤ እሱንም አልዘልለውም።

የፊዚክስ መምህር ነኝ። ከትምህርት ሰዓት ውጪ የሳይንስ ክበብ አለን፤ አንዳንዴ አስር፣ አንዳንዴ አምስት ተማሪ ይመጣል። የዚያን ሰሞን የያዝነው ሥራ ቀላል ነበር። በየቀኑ አንድ ቁጥር መመዝገብ። ቁጥሩ የፀሐይ ነፋስ ፍጥነት ነው።

ነፋስ ይባል እንጂ አየር አይደለም። ከፀሐይ ሳያቋርጥ የሚወጣ የፕሮቶንና የኤሌክትሮን ጅረት ነው። መሬት አካባቢ ሲደርስ በጣም ይሳሳል፤ በአንድ ሲሲ ውስጥ አምስት ያህል ፕሮቶን ቢገኝ ነው። ፍጥነቱ ግን ሌላ ነገር ነው። ቀርፋፋው በሰከንድ ከ300 እስከ 400 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ፈጣኑ ከ700 እስከ 800። ከጎንደር አዲስ አበባ ያለው መንገድ 700 ኪሎ ሜትርን አለፍ ይላል። እኛ ሌሊት ተነስተን ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ውስጥ ስንንገላታ የምንውልበትን መንገድ ፈጣኑ ነፋስ በአንድ ሰከንድ ይጨርሰዋል። ይህን ስነግራቸው ተማሪዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ከስልካቸው ቀና አሉ።

ቁጥሩ የሚመጣው ከመሬት 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ፀሐይ ቀድመው ከተቀመጡ መንኮራኩሮች ነው። በ1997 የተላከው ኤስ እና በ2015 የተላከው ዲስኮቨር የቆሙት እዚያ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፤ በኛ ስቆጥር ዓ.ም. እላለሁ።) ነፋሱ መጀመሪያ እነሱን ይመታል፤ አንድ ሰዓት ገደማ ቆይቶ እኛ ጋ ይደርሳል። ንባቡ ለማንም ክፍት ነው፤ ኔት ካለ። ኔት በጠፋ ቀን ደብተሩ ላይ ባዶ መስመር ይተዋል። «በግምት እንዳትሞሉ» ብያለሁ። አንድ ጊዜ ሞልተው ይዣቸዋለሁ።

ምስሉን ያነሳው ደግሞ በ2010 የተላከ ሌላ የፀሐይ መከታተያ መንኮራኩር ነው። የሚያነሳበት ብርሃን ዓይናችን የማያየው ነው፤ ከሚሊዮን ዲግሪ በላይ ከጋለ ብረት የሚወጣ። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ያለው የፀሐይ ገጽ አይደለም። ገጽዋ 5,500 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። የምናየው ከገጽዋ በላይ ያለውን፣ አንድና ሁለት ሚሊዮን ዲግሪ የሚደርሰውን ስስ ከባቢ ነው። ኮሮናን።

ኮሮና ስል ክፍሉ ይስቃል። ልጆቹ ቃሉን የለመዱት በጭምብልና በሳኒታይዘር ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሁድ ጠዋት ፀሐይ ስትጋረድ ሰው አፍ ላይ የነበረው ሁለት ወሬ ነው፤ ግርዶሹና በሽታው። «ፀሐይንም ኮሮና ያዛት» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ያን ቀን ግን የፀሐይን ኮሮና ያየ የለም። በላሊበላ በኩል ያለፈው ግርዶሽ ቀለበታማ ነበር። ጨረቃ ፀሐይን ጥርግ አድርጋ አልሸፈነችም፤ ዙሪያው ላይ የብርሃን ቀለበት ቀረ። የኮሮና ብርሃን ከገጽዋ ብርሃን ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይደክማል፤ ጭላንጭል ብትቀር እንኳ ይዋጣል። እኛ ጎንደር ላይ ደግሞ ቀለበቱም አልደረሰንም፤ የተገመጠች ፀሐይ ነው ያየነው። ያ ነጭ አክሊል የሚወጣው ግርዶሹ ሙሉ ሲሆን ብቻ ነው። ስሙም በላቲን አክሊል ማለት ነው። አቅሙ ያለው ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ግብፅ፣ ሉክሶር ይሂድ፤ ከ6 ደቂቃ በላይ ያየዋል።

ወደ ካልሲው ልመለስ።

ወረቀቱን ክበቡ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ዘወትር ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ተማሪ አለች። «ቲቸር፣ ይቺ ጥቁሯ ምንድን ናት?» አለችኝ። ከምስሉ ሥር ያለውን ማብራሪያ አንብቤ ስለነበር አልተቸገርኩም። «የኮሮና ቀዳዳ ይባላል። ከሌላው ቀዝቀዝ ያለና የሳሳ ቦታ ነው» አልኳት። እስከዚህ ልክ ነኝ። ዝም ብል ጥሩ ነበር። «ስለዚህ በዚያ በኩል ነፋሱ ይደክማል፤ ኃይለኛው የሚነሳው ከደማቁ ነው» ብዬ ጨመርኩ። ለደህና ነገር ደግሞ ደብተሩ ላይ አስጻፍኩት፤ «በሚቀጥሉት ቀናት ፍጥነቱ ይቀንሳል።»

ዕለቱ አርብ ነበር። ፍጥነቱ በ300ዎቹ ውስጥ ነው። ቅዳሜና እሁድ ክበብ የለም፤ እሷ ግን ከቤቷ በስልክ ስትከታተል ሰንብታለች። ሰኞ ደብተሩን ይዛ መጣች። እሁድ ማታ ላይ የቅንጣቶቹ ብዛት ወደ ላይ ዘሎ ነበር። ከዚያ ብዛቱ ወረደ፤ ፍጥነቱ ወጣ። ሰኞ ቀትር ላይ ከ600 አልፏል።

«ቲቸር፣ ይቀንሳል ብለው አልነበር?»

ወረቀቱን ከግድግዳው ነቅላ ጀርባው ላይ ሒሳብ ሠርታበታለች። ከፀሐይ እስከ መሬት 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር። ለ600 ሲካፈል 250,000 ሰከንድ። ሦስት ቀን ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ማለት ነው። አርብ ቀትር ላይ ካልሲው በፀሐይ መሃል በኩል ወደኛ ዞሮ ነበር። አርብ ዕለት የተነሳ ነፋስ ሰኞ ይገባል። ገባም።

«አጋጣሚ ይሆናል» አልኩ። መምህር ሲሸነፍ የሚለው ይህንን ነው።

የቅንጣቶቹ መብዛት ግን ወዲያው ገባኝ። ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ ቀርፋፋ ባጃጅ ከፊት ሲያዘግም፣ አይሱዙ ከኋላው ሲደርስበት የሚሆነው ነው። ማለፊያ ከሌለ መኪናው ይከማቻል። ፈጣኑ ነፋስ ቀድሞት የወጣውን ቀርፋፋ ይደርስበትና ከኋላ ይጨቁነዋል። እኛ ጋ መጀመሪያ የሚደርሰው ያ ጭንቅንቅ ነው፤ ፈጣኑና ስሱ ከሱ ጀርባ ይመጣል።

ፀሐይ ከመሬት ስትታይ በ27 ቀን ገደማ አንድ ጊዜ ትዞራለች። 27 ቀን ቆጠርን። ጾም የገባ ሰሞን፣ ሐሙስ፣ ያው ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድኩ። ልጅቷ ወረቀቱ ከማሽኑ ሲወጣ ገና ሳታነሳው «ይኸው ደግሞ ቶነሩ!» አለች። ካልሲው ተመልሷል። ትንሽ ቀጥኗል እንጂ ቦታው ያው ነው። በሦስተኛው ቀን፣ እሁድ፣ ፍጥነቱ ዳግም ከ600 ተሻገረ። አጋጣሚ የሚለው ቃል እዚያ ላይ አበቃ።

የሚያጽናናኝ ነገር አለ። በዚህ የተሳሳትኩት እኔ ብቻ አይደለሁም። በ1930ዎቹ ጁሊየስ ባርትልስ የሚባል ጀርመናዊ የመሬት መግነጢስ ተመራማሪ፣ በየ27 ቀኑ እየተመላለሰ የኮምፓስን መርፌ የሚያናውጥ ነገር ፀሐይ ላይ እንዳለ አረጋግጧል። ፈልጎ ግን ሊያየው አልቻለም። የፀሐይ ጥቁር ነጥቦችን ቢያይ ከነሱ ጋር አይገጥምም። «ኤም ክልል» ብሎ ስም ብቻ ሰጠው። መንኮራኩር ማሪነር 2 በ1962 ወደ ቬኑስ ስትሄድ ነፋሱን በቀጥታ ለካች፤ ፈጣንና ቀርፋፋው እየተፈራረቀ በ27 ቀኑ እንደሚመለስ አሳየች። ምንጩ ግን አሁንም አልታየም። በመጨረሻ የተገኘው በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ በሮኬትና ስካይላብ በተባለው የህዋ ጣቢያ ላይ ሆኖ ኮሮናን በኤክስሬይ ማንሳት ሲቻል ነው። ኤም ክልል ማለት ጥቁሩ ቦታ ነበር። አርባ ዓመት ያህል ሰዎች የሚያበራ ነገር ሲፈልጉ፣ ነፋሱ ይነሳ የነበረው ከማያበራው ነው።

ተማሪዋ ግን በታሪክ አልረካችም። «እሺ ቲቸር፣ ቀዝቃዛው እንዴት ይፈጥናል?»

ጥያቄዋ የዋዛ አይደለም። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ዩጂን ፓርከር በ1958፣ በ31 ዓመቱ፣ የፀሐይን ነፋስ በወረቀትና በእርሳስ ሲያገኝ የተነሳው ከሙቀት ነው። እሷን ሰሌዳ ላይ አቁሜ አብረን ሠራነው። በአንድ ሚሊዮን ዲግሪ ሙቀት አንድ ፕሮቶን የሚኖረው ፍጥነት በሰከንድ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከፀሐይ ስበት ለማምለጥ ገጽዋ ላይ 618 ያስፈልጋል። በራሱ ዘሎ አያመልጥም። ፓርከር ያየው ግን ሌላ ነው፤ ያን ያህል የጋለ ከባቢ ዝም ብሎ ሊቀመጥ አይችልም። ከታች ያለው ግፊት ላይኛውን እየገፋ፣ ስበቱ ከርቀት ጋር እየላላ፣ ፍሰቱ ቀስ በቀስ በዚያ ከባቢ ውስጥ ካለው የድምፅ ፍጥነት ያልፋል። ጽሑፉን የገመገሙት ሁለቱም ባለሙያዎች አይታተም ብለዋል። የመጽሔቱ አዘጋጅ ሱብራማንያን ቻንድራሴካር ሐሳቡን ራሱ ባይወደውም፣ የሒሳብ ስህተት ስላላገኘበት አሳተመው። ሰውየው ዕድለኛ ነው፤ በ2018 በስሙ የተሰየመችው መንኮራኩር ስትወነጨፍ ቆሞ አይቷል። በ2022 በ94 ዓመቱ አረፈ።

እንግዲህ በፓርከር ሒሳብ ኮሮናው በጋለ ቁጥር ነፋሱ ይፈጥናል። እኔ አርብ ዕለት ያልኩትም ይህንኑ ነው። ሆኖም በአንድ ሚሊዮን ዲግሪ ሒሳቡ የሚሰጠው ቀርፋፋውን ነፋስ ነው። 700 እና 800 ለማምጣት ቀዳዳው ከዚያ እጅግ የበለጠ መጋል ነበረበት። እሱ ደግሞ ይባስ ብሎ ከጎረቤቱ ይቀዘቅዛል።

መቀዝቀዙ በምን ታወቀ? በጣም የወደድኩት ክፍል ይህ ነው። ነፋሱ ቴርሞሜትር ይዞ ይመጣል። ኮሮና ውስጥ ያለ ኦክስጅን ስንት ኤሌክትሮን እንደተገፈፈ በሙቀቱ ይወሰናል፤ ቦታው ሲግል ብዙ ይገፈፋል። ነፋሱ ከኮሮና ከራቀ በኋላ ግን በጣም ስለሚሳሳ ኦክስጅኑ የጣለውን ኤሌክትሮን መልሶ የሚያገኝበት ዕድል የለም። እንደተገፈፈ ይቀራል። ከቀናት በኋላ መንኮራኩር ላይ ሲደርስ የተነሳበትን ሰፈር ሙቀት ይናገራል ማለት ነው። በ1990 የተላከችው መንኮራኩር ዩሊሲስ በፀሐይ ዋልታዎች አናት ላይ እያለፈች ይህን ለካች። በዋልታዎቹ ላይ ሰፋፊ ቀዳዳዎች ነበሩ፤ ነፋሱም በሰከንድ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ሳይዋዥቅ ይነፍስ ነበር። ከፈጣኑ ነፋስ ጋር የመጣው ኦክስጅን ከቀርፋፋው ያነሰ ነው የተገፈፈው። ፍጥነቱ ሲወጣ የምንጩ ሙቀት ይወርዳል። ግልብጥ!

ታዲያ ሙቀቱ ካልሆነ ምንድን ነው የሚወስነው? በር ነው።

ኮሮና ውስጥ ያለው ፕላዝማ፣ ማለትም ኤሌክትሮኑ የተገፈፈ የጋለ ጋዝ፣ የመግነጢስ መስመርን ተከትሎ ነው የሚሄደው። ደማቁ ቦታ ላይ መስመሮቹ ከገጽዋ ወጥተው ቀስት ሠርተው ይመለሳሉ። ፕላዝማው ቀስቱ ውስጥ ታሥሯል፤ ይከማቻል፤ ይደምቃል። ቀዳዳው ላይ መስመሮቹ ተከፍተው ወደ ህዋ ይሄዳሉ። የወጣው አይመለስም። እንጨት የሚነድበትን ማድ ቤት ተመልከቱ። በሩ ሲዘጋ ጭሱ ይታመቃል፤ ዓይን ያጠፋል። በሩ ሲከፈት ቤቱ ጥርት ይላል። ቤቱ ስለጠራ ጭስ የለም ያለ ሰው ደጅ ወጥቶ ይይ። እኔ ጥቁሩን «ምንም የሌለበት» አድርጌ አየሁት፤ ለካ የወጣበት ነው።

በሩ መከፈቱ ለምን ይወጣል ለሚለው ይበቃል፤ ለምን ይፈጥናል ለሚለው ግን አይበቃም። እዚህ ላይ ሁለተኛ ነገር አለ። ከታች የሚመጣው ኃይል ሁሉ ሙቀት ብቻ አይደለም። የፀሐይ ገጽ እየፈላ የመግነጢስ መስመሮቹን ያንቀጠቅጣቸዋል፤ እንቅጥቅጡ እንደ ክራር ክር ንዝረት ወደ ላይ ይጓዛል። በስዊድናዊው ሳይንቲስት በሐኔስ አልፍቬን ስም የአልፍቬን ሞገድ ይባላል። ይህ ሞገድ ጉልበቱን የሚያራግፍበት ከፍታ ልዩነት ያመጣል። ዝቅ ብሎ፣ ነፋሱ ገና ሳይፈጥን ካራገፈ፣ ብዙ ፕላዝማ ይነሳል፤ ጉልበቱ ለብዙ ይከፋፈላል። ነፋሱ ከድምፅ ፍጥነት ካለፈ በኋላ ካራገፈ ግን የሚጨምረው ጭነቱ ሳይሆን ፍጥነቱ ነው። አንድ ፈረስ ሁለት ሰው የያዘ ጋሪና ስምንት ሰው የያዘ ጋሪ ሲጎትት አንድ ዓይነት አይሮጥም።

ይህ የወረቀት ወሬ ብቻ አይደለም። በየካቲት 2022 የፓርከር መንኮራኩርና ሶላር ኦርቢተር የተባለ ሌላ መንኮራኩር በአንድ የነፋስ ጅረት መንገድ ላይ ተሰለፉ፤ አንዷ ፀሐይ አጠገብ፣ ሌላው ራቅ ብሎ። ያንኑ ነፋስ ሁለት ቦታ ለኩት። በመካከሉ ነፋሱ ፈጥኖ ነበር፤ ሞገዱ ደግሞ ደክሞ ነበር። የጎደለው ጉልበት የት እንደገባ ሒሳቡ ይገጥማል። የፓርከር መንኮራኩር ከዚያም በፊት፣ ሚያዝያ 28 ቀን 2021 በፈረንጅ፣ ኮሮናው ውስጥ በመግባት የመጀመሪያዋ ሆናለች። በታኅሣሥ 24 ቀን 2024 ከፀሐይ ገጽ 6.1 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ድረስ ቀርባ በሰዓት 692,000 ኪሎ ሜትር ሮጣለች። ሰው የሠራው ነገር ከዚህ በላይ ፈጥኖ አያውቅም። በሰከንድ ሲሰላ ግን 192 ነው። እኛ ጋ የሚደርሰው ቀርፋፋ ነፋስ ራሱ ይቀድማታል።

አንድ አባት ክበቡ በር ላይ ቆመው ይህን ሁሉ ሰምተው «መምህር፣ ለኛ ምን ይጠቅመናል?» አሉኝ። እውነት ለመናገር ጎንደር ላይ በዓይን የሚታይ ነገር የለም። የሰሜን ብርሃን የሚባለው እኛ ጋ አይደርስም። የመሬት የመግነጢስ ወገብ ግን ኢትዮጵያን አቋርጦ ነው የሚያልፈው። ከኛ በላይ፣ ከመቶ ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ቀን ቀን ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈሳል። ፀሐይ ስታውክ እሱም ይታወካል፤ ጂፒኤስና ሬዲዮ ይዛባል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ይህን የሚያጠኑ ሰዎች አሉ። አባትየው «እንዲያ ነው?» ብለው ልጃቸውን ይዘው ሄዱ።

ሦስተኛው ዙር የወደቀው ረቡዕ ነው፣ ጾሙ ተጋምሷል። አሁን ጎበዝ ሆነናል። ምስሉን አይተን፣ ሰሌዳ ላይ ቆጥረን፣ ደብተሩ ላይ ደፍረን ጻፍን፤ «ቅዳሜ፣ ከ600 በላይ።» ቅዳሜ ምንም የለም። እሁድም የለም። እሁድ ማታ ወደ 450 ገደማ ብቅ አለና ተመልሶ ወረደ።

ሦስቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ለጠፍናቸው። በሦስተኛው ላይ ካልሲው ከታች አጥሯል። ወደ መሃል የሚወርደው ክፍል ተዘግቶ፣ ሰሜኑ ብቻ ቀርቷል። ፈጣኑ ነፋስ የተነሳው ከላይ ስለሆነ ከመሬት በላይ በላይ ነው ያለፈው። እኛን ያገኘን የቀዳዳው ጠርዝ ነው። ጠርዙ ላይ ደግሞ የመግነጢስ መስመሮቹ እንደ ቀንደ መለከት አፍ ወዲያው ይሰፋሉ። መስመሮቹ በፍጥነት ሲሰፉ ነፋሱ እንደሚዘገይ፣ ቀስ ብለው ሲሰፉ እንደሚፈጥን በ1990 የታተመ ሥራ አሳይቷል፤ የዛሬ ትንበያዎችም በብዛት የተመሠረቱት በዚህ ላይ ነው። እኛ ያየነው ቀዳዳ መኖሩን እንጂ የትኛው ክፍሉ ወደኛ እንደዞረ አልነበረም።

ደብተሩን ሳብ አደረግኩ። «600 ያልነው ትንሽ በዝቷል፤ 'ከፍ ይላል' ብንለውስ?» አልኩ። ተማሪዋ መዳፏን ገጹ ላይ አሳረፈች።

«ቲቸር፣ በግምት እንዳትሞሉ ያሉን እርስዎ አይደሉም?»

እስክሪብቶ አነሳች። ከ600ው አጠገብ እግሩ የተቆረጠ ካልሲ ሣለች፤ ሥሩ «450፣ እሁድ ማታ» ብላ ጻፈች።